የሐዋሳ ሕፃን በየትኛው ቁጥር ውስጥ ነው?

በ2008 ዓ.ም የቀድሞው ደቡብ ክልል ምን ያህል ድሃ ነበር ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሁለት ሰነዶች የማይገናኝ መልስ ይሰጧችኋል። የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናቱ ከክልሉ ሕዝብ ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው 20.7 በመቶ ነው ይላል። የአገሪቱ አማካይ 23.5 በመቶ ስለነበር፣ ደቡብ ከትግራይ፣ ከአማራና ከኦሮሚያ በተሻለ ደረጃ ላይ ሰፍሯል። በዚያው ዓመት የተሰበሰበ ሌላ መረጃ ይዘው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲና ዩኒሴፍ በ2011 ዓ.ም ያወጡት ጥናት ደግሞ ከክልሉ ልጆች 91 በመቶዎቹ ድሆች ናቸው አለ። በዚህኛው ዝርዝር ደቡብ ከአፋርና ከአማራ ጋር እኩል መጨረሻ ላይ ነው።

ሁለቱም ቁጥሮች ውሸት አይደሉም። እዚህ ሐዋሳ ውስጥ መጠይቅ ይዤ በር እያንኳኳሁ፣ ሕፃናትን እየመዘንኩና ቁመታቸውን እየለካሁ ረዘም ላለ ጊዜ ሠርቻለሁና፣ ታብሌቱ ላይ የሚሞላው ቁጥር ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሰነዶቹን ሳገላብጥ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ጡት የሚጠባው፣ የሚድኸው፣ አፉን ገና ያልፈታው ልጅ የት ጋ እንደተቀመጠ። ብዙውን ጊዜ ፈልጌ አጣዋለሁ።

ከብሩ እንነሳ። በ2008 ዓ.ም ዋጋ የድህነት ወለሉ ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር። ስሌቱ የሚጀምረው ከምግብ ነው። አንድ አዋቂ በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ ለማግኘት ስንት ብር ያስፈልገዋል ተብሎ ይተመናል፤ ለልብስ፣ ለኪራይ፣ ለማገዶና ለመሳሰለው ይታከልበታል። ከዚያ ቤተሰቡ የተጠቀመው ሁሉ፣ ከገበያ የተገዛውም ከጓሮ የመጣውም፣ ተደምሮ ለአባላቱ ይካፈላል። ሲካፈል ግን ሁሉም እኩል አይቆጠሩም። ዓመት ያልሞላው ሕፃን የአዋቂ ሲሶ ገደማ ሆኖ ነው የሚገባው። የሚበላው ትንሽ ነዋ!

በካሎሪ ከሄድን ስህተት የለበትም። ግን አንድ ቤት እናስብ። አባት ባጃጅ ይነዳል፣ እናት መናኸሪያ አካባቢ ጉልት ትውላለች፣ ልጆቹ ሦስት ናቸው፣ የመጨረሻዋ ዘጠኝ ወሯ ነው። የቤቱ ወጪ ወለሉን በጥቂት ብር ካለፈ አምስቱም በአንድ ላይ ከድህነት ወጥተዋል ተብለው ይመዘገባሉ። እናትየው ጉልት ስትውል ሕፃኗን ማን ያዛት? እንቁላል ቀምሳ ታውቃለች? የኩፍኝ ክትባቷን ወስዳለች? ይህ ሁሉ ከድምሩ ውስጥ አይገኝም። እንዲያውም እናትየው ገበያ በዋለች ቁጥር የቤቱ ብር ይጨምራል፤ የሕፃኗ ጡት ደግሞ በዚያው ልክ ይቀንሳል። መስፈርቱ የመጀመሪያውን ያያል፣ ሁለተኛውን አያይም። የዚህች ልጅ የእህል ድርሻ ሲሶ ቢሆንም፣ የሰው ጊዜ ድርሻዋ ከቤቱ ሁሉ የሚበልጥ ነው። ለእሱ ግን ማንም ዋጋ አልተመነለትም።

በነገራችን ላይ፣ ሲነሳ ይህ ዓይነቱ ስሌት ከልጆች የራቀ አልነበረም። የአሜሪካን የድህነት መስመር ያሰሉት ሞሊ ኦርሻንስኪ እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተሙት የመጀመሪያ ጽሑፍ ስለ ድሃ ቤተሰብ ልጆች ነበር። እሳቸውም ከምግብ ወጪ ነው የተነሱት። መስመሩ በኋላ የሁሉም ሰው ሆነና ልጆቹ ቤተሰብ በሚለው ስም ውስጥ ተዋጡ።

ሁለተኛው ሰነድ ብርን ወደ ጎን ትቶ ልጁን ራሱን ይጠይቃል። ለትንንሾቹ የሚታዩት ስድስት ጉዳዮች ናቸው፤ ዕድገት፣ አመጋገብ፣ ጤና፣ ውሃ፣ መጸዳጃና መኖሪያ ቤት። ቁመቱ ለዕድሜው ይበቃል ወይስ ቀንጭሯል? የሚገባውን ያህል ጠብቷል፣ በልቷል? በባለሙያ እጅ ተወልዷል፣ ተከትቧል? ከፍ ላሉት ልጆች ትምህርትና መረጃ ይገቡበታል። ከስድስቱ ሦስቱና ከዚያ በላይ የጎደለው ልጅ ድሃ ይባላል። በዚህ መንገድ ሲቆጠር በአገሪቱ ካሉት 41 ሚሊዮን ከ18 ዓመት በታች ልጆች 36.2 ሚሊዮኑ፣ ማለትም 88 በመቶዎቹ፣ ድሆች ሆነው ተገኙ። በገጠር 94፣ በከተማ 42፣ በአዲስ አበባ 18 በመቶ። ድሃ የተባለው ልጅ በአማካይ ከስድስቱ 4.5 ይጎድለዋል።

ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2003 ዓ.ም፣ በዚሁ ዘዴ የተሰላው 90 በመቶ ነበር። በዚያው ዘመን የብሩ ድህነት ከ29.6 ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል። የአዋቂው ኪስ ትንሽ ሞላ፤ የልጁ ኑሮ ያለበት ቆመ ለማለት ይቻላል። ይህን ማየት የተቻለው ልጁ ለብቻው ስለተቆጠረ ነውና፣ ለሁለተኛው መለኪያ ይህን ክብር እሰጠዋለሁ።

ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ከመቶ ልጅ 91ዱ ድሃ ነው የሚል ቁጥር ለስብሰባ መክፈቻ ያምራል፤ ቀበሌ ላይ ለአሥር ሕፃን የሚበቃ ፋፋ ይዛ ለቆመችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግን ምንም አይነግራትም። ሁሉም ድሃ ከሆነ ማንን ታስቀድም? ሦስት የጎደለውና ስድስቱም የጎደለው ልጅ በዚያ 91 ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስንት ጉዳዮች እንደጎደሉ የሚያሳየው ዝርዝር በሰነዱ ውስጥ አለ፤ በየመድረኩ የሚነበበው ግን ትልቁ ቁጥር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ እኔ የማውቀው እሱን ነው።

መቀንጨርን ለመለካት ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ሰሌዳ፣ ሁለት ሰውና ዕድሜ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሰሌዳው ላይ ተኝቶ፣ የሞላው ቆሞ ይለካል። አንዱ ጭንቅላቱን ይይዛል፣ ሌላው ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ የእግር መግፊያውን ያስጠጋል። ልጁ ያለቅሳል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ አያት “ምን አደረጋችሁት?” ብለው ይቆጣሉ። ቢሆንም ሰሌዳው ከመጠይቁ ሁሉ የሚታመን ዕቃ ነው። ሐዋሳ የከተማ ሴፍቲኔት መጀመሪያ ከገባባቸው 11 ከተሞች አንዷ ስለሆነች፣ ወረቀት የያዘ ሰው በር ላይ ሲታይ “ከሴፍቲኔት ናችሁ?” መባሉ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ አልጋው፣ ቴሌቪዥኑና በሊዝ የተገዛችው ባጃጅ ሁሉ የዘመድ ይሆናሉ። ማንንም አልወቅስም፤ ችግር ያለበት ሰው እርዳታ ይዞ የመጣ መስሎት ንብረቱን ቢደብቅ አይገርመኝም። የልጅ ቁመት ግን አይደበቅም።

የሚያስቸግረው ዕድሜው ነው። አንዲት ሴት ልጅ ሰሌዳው ላይ 77 ሴንቲሜትር ሆነች እንበል። ዕድሜዋ 18 ወር ከሆነ ጤናማ ናት፤ በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት የዚያ ዕድሜ ዝቅተኛው ወሰን 75 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። 24 ወር ከሆናት ግን ወሰኑ 80 ነውና ቀንጭራለች። ያችው ልጅ፣ ያው ቁመት፤ የስድስት ወር ልዩነት ከአንዱ ሳጥን አውጥቶ ሌላው ውስጥ ይከታታል። ሁለተኛው ሰነድ በተመሠረተበት፣ በ2008 ዓ.ም በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ደግሞ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገራችን ልጆች ልደታቸው በመንግሥት መዝገብ የተመዘገበው 3 በመቶው ብቻ ናቸው።

ስለዚህ እንጠይቃለን። “የተወለደው ከመስቀል በፊት ነው በኋላ?” “ለታኅሣሥ ገብርኤል ታቅፈሽው ነበር ወይስ ገና እርጉዝ ነበርሽ?” የሲዳማ እናት ከሆነች በፍቼ ጫምባላላ ትቆጥራለች። ይህ የዘመን መለወጫ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት የመዘገበው ትልቅ በዓል ነው፤ ለቆጣሪ ግን ፈተና አለበት። ቀኑን የሚወስኑት የከዋክብትንና የጨረቃን ሂደት የሚያነቡ አያንቶዎች ስለሆኑ በየዓመቱ ከወር ቀን ጋር ተቆራኝቶ አይውልም። “ካቻምና ለፍቼ ወለድኩት” ስትል፣ የካቻምናው ፍቼ በየትኛው ሳምንት እንደዋለ ይዘህ መምጣት አለብህ። ካልያዝክ፣ የልጁ መቀንጨር ወይም አለመቀንጨር በአንተ ግምት ላይ ወደቀ ማለት ነው። የክትባት ካርድ ካለ እፎይ እንላለን። ካርዱ ብዙ ጊዜ ከፍራሽ ሥር፣ ከመታወቂያና ከዕቁብ ደብተር ጋር በፌስታል ተጠቅልሎ ይወጣል።

ስለ ምግብ የሚጠየቀው ትናንት ቀንና ሌሊት ልጁ የበላው ነው። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት ሕፃናት በዓይነትም በብዛትም ዝቅተኛውን የአመጋገብ መስፈርት ያሟሉት በ2008 ዓ.ም 7 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም 11 በመቶ ነበሩ። ከሁሉም ቁጥሮች እኔን የሚያስደነግጠኝ ይኸኛው ነው። የሲዳማ ቤት ውስጥ ረሃብ በቀላሉ አይታይም። ከእንሰት የሚሠራው ዋሳ አለ፤ እንሰት ድርቅን ይችላል፣ ሆድንም ይሞላል። ፕሮቲኑ ግን ትንሽ ነው፤ ወተት፣ ጎመን በቅቤ ወይም ሌላ ካልተጨመረበት ሕፃኑ ጠግቦ ይቀነጭራል። የክንድ መለኪያ ጥብጣብ ቢጠመጠምለት አረንጓዴው ላይ ያርፋል፤ ጥብጣቡ የሚያውቀው የዛሬን ክሳት እንጂ የሁለት ዓመትን ጉድለት አይደለም። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ ደግሞ የሐይቁ ዓሣ፣ ቆሮሶና አምባዛ፣ በየማለዳው ይወጣል፤ ለእንግዳ ይጠበሳል፣ በጥሬውም በዳጣ ይበላል። ከባሕሩ ዳር አምስት መቶ እርምጃ በማይርቅ ግቢ ውስጥ “ትናንት ዓሣ በልቷል?” ብዬ ስጠይቅ እናቲቱ የምትስቅብኝ ጊዜ አለ። ዓሣው ይሸጣል እንጂ ለሕፃን ይሰጣል እንዴ!

ክልልን ከክልል ለሚያወዳድር ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመስክ ላይ የነበረው ከጥር እስከ ሰኔ ነው። በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 23 ቀን ስለነበር፣ ሁዳዴ ሙሉ በሙሉ በሥራው መሐል ገብቷል። ሕፃን አይጾምም፤ ግን ወተትና እንቁላል ከቤት ከጠፋ ለእሱ ብቻ የሚሠራለት ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ፕሮቴስታንት በሆነበት ሲዳማና አብዛኛው ኦርቶዶክስ በሆነበት አማራ የ“ትናንት” ትርጉሙ በዚያ ወቅት አንድ አይደለም። ይህን ግምት ውስጥ ሳያስገባ የሁለቱን ክልል ሕፃናት ሳህን የሚያነጻጽር ሰው ግማሹን የሚያነጻጽረው የቀን መቁጠሪያውን ሊሆን ይችላል።

ወደ ውሃው ልለፍ። በዚያው ጥናት ከመቶ የከተማ ቤት 97ቱ የተሻሻለ የውሃ ምንጭ አላቸው። ቧንቧ ካለ ምልክት ይደረጋል። ውሃው ተቋርጦ እንደነበር ለብቻው ቢጠየቅም፣ ድህነቱ ሲሰላ ቧንቧው ራሱ ብዙ ይሸፍናል። ጉድጓድ ውሃም በአግባቡ ከተቆፈረና ከተከደነ የተሻሻለ ነው። እኛ ያለነው ግን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። የከርሰ ምድሩ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ አለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ሲበዛ ጥርስ ይበልዛል፤ ይህ ደግሞ የሚሆነው ቋሚው ጥርስ ድድ ውስጥ ገና በሚሠራበት ጊዜ፣ ማለትም በሕይወት የመጀመሪያዎቹ ስምንት ዓመታት ውስጥ ብቻ ነው። ሕፃኑ በሁለት ዓመቱ የጠጣው ውሃ በሰባት ዓመቱ ፈገግ ሲል ይታያል። መጠይቁ ላይ ግን ይህ ልጅ በውሃ በኩል ምንም አልጎደለውም።

መጸዳጃው ላይ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። ከከተማ ቤቶች 35 በመቶዎቹ ሽንት ቤታቸውን ከሌላ ጋር ይጋራሉ፤ የራሳቸው የተሻሻለ መጸዳጃ ያላቸው 16 በመቶ ብቻ ናቸው። ሐዋሳ ውስጥ በኪራይ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። በአንድ ግቢ ስድስት ሰባት በር፣ አንድ ሽንት ቤት፣ በር ላይ የተንጠለጠለ የጽዳት ተራ። ንጹሕም ሆነ ቆሻሻ፣ የጋራ ከሆነ በመስፈርቱ የጎደለ ተብሎ ይያዛል። አንዳንዱን ግቢ ሳይ ፍርዱ ትክክል ነው እላለሁ፤ አንዳንዱን ሳይ ደግሞ ከብዙ የግል ጉድጓድ ይሻላል። ከተማ ላይ የልጅ ድህነት 42 በመቶ የሆነበት አንዱ ምክንያት በዚህች በር ሳያልፍ አይቀርም።

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ደቡብ ስለሚባል ክልል ነው። ያ ክልል ዛሬ የለም።

ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም ሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ አደረገ፤ ከመራጩ ከ98 በመቶ በላይ ክልል እንሁን አለ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይም አሥረኛው ክልል ሆኖ ተመሠረተ። በ2014 ዓ.ም ደቡብ ምዕራብ ተለየ። በ2015 ዓ.ም ማብቂያ የቀረው ለሁለት ተከፍሎ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተባለ። ቢሮ ተከፋፈለ፣ መኪና ተከፋፈለ፣ ሠራተኛ ተመደበ። የ91 በመቶው ቁጥር ግን የሚከፋፈል አይደለም። የደቡብ ኦሞ አርብቶ አደር ልጅ፣ የጌዴኦ የቡና ማሳ ልጅ፣ የካፋ ጫካ ዳር ልጅና የሐዋሳ የኪራይ ግቢ ልጅ አንድ ላይ ተፈጭተው የወጡበት አማካይ ነው። ሲዳማ ክልል ሲሆን የትኛውን ይዞ ይውጣ?

መረጃው በየቆጠራ ቦታው ስላለ የሲዳማውን ነጥሎ ማስላት አይቻልም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። ማስላትማ ይቻላል፤ የሚታመን ነው ወይ ነው ጥያቄው። የ2008ቱ ጥናት በመላ አገሪቱ 645 የቆጠራ ቦታዎችና 16,650 ቤቶች ነበሩት። ለዘጠኝ ክልሎችና ለሁለት የከተማ አስተዳደሮች ሲካፈል በአማካይ ለአንዱ 1,500 ገደማ ቤት ይደርሳል። በ1999 ዓ.ም ቆጠራ ሲዳማ ወደ ሦስት ሚሊዮን ሕዝብ ነበረው፤ ከደቡብ 15 ሚሊዮን አንድ አምስተኛው መሆኑ ነው። እንግዲህ የሲዳማ ድርሻ ጥቂት መቶ ቤቶች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ያለባቸውን ስትለይ፣ በእጅህ የሚቀረው ለአንድ ክልል ፖሊሲ የማይበቃ ነው። የ2011ዱ አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትማ ከዚያም ያንሳል፤ 305 ቦታዎች፣ 8,663 ቤቶች፣ ያውም ሕዝበ ውሳኔው ሳይደረግ። የእነዚያ ዓመታት ጥናቶች የተቀረጹት በወቅቱ ለነበሩት ክልሎች ነው። ለቀበሌ ይቅርና ለዞን እንኳ አልታሰቡም።

ትልቁ ቀዳዳ ደግሞ አካፋዩ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ነው፤ አራተኛው ተደጋግሞ ተራዝሟል። በዚያ ቆጠራ ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች የነበሩት ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ልጆች እየወለዱ ነው። የዛሬ ሕፃናት ቁጥር ከዚያ ተነስቶ በትንበያ የሚመጣ ስለሆነ፣ አንዳንድ ወረዳ ላይ የክትባት ሽፋኑ ከመቶ በላይ ሆኖ ይወጣል። ከመቶ ሕፃን መቶ ስምንቱ ተከተበ የሚል ሪፖርት የሚያሳየው ያለንን ሕፃን ብዛት አለማወቃችንን ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚያጸድቀው የክልሎች የድጎማ ቀመርም ሕዝብ ቁጥር ላይ መቆሙ ስለማይቀር፣ ነገሩ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ጭቅጭቅ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ሐዋሳ በ1999ኙ ቆጠራ 258,808 ሰው ነበራት። ልብ በሉ፣ ከዚህ ውስጥ የከተማ አስፋልት ያልረገጡ የቱላ ገጠር ቀበሌዎች ይገኙበት ነበር፤ ከአምስት ሁለቱ ገደማ ገጠር ነዋሪ ነበር። የከተማ አስተዳደሩ አማካይ ሲወጣ ሐይቅ ዳር ባለ ፎቅ ውስጥ የሚኖረው ልጅና ሐዌላ ቱላ ከእንሰት ጓሮ የሚድኸው ልጅ ይዋዋሳሉ። አንዱ ያጣውን ሌላው ይሞላለታል፤ በወረቀት ላይ ማለቴ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስቸግረኝ ግን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ልጆች ናቸው። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም ሐምሌ ሲመረቅ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር፤ የገቡት አብዛኞቹ ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። አንድ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 የመነሻ ደመወዙን በወር 26 ዶላር ብሎ መዝግቦታል። ክፍል ለሦስት ለአራት ሆነው ይከራያሉ። ከመሐላቸው የምትወልድ አለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣታል፤ ሐኪም ደግሞ ስድስት ወር ጡት ብቻ ስጪ ይላታል። ሦስት ወሩ ሲያልቅ ሕፃኑ በሲዳማ ገጠር፣ ሁላ ወይም በንሳ ወዳለች አያቱ ይላካል።

ይህን ልጅ እንለካው። የፍጆታ ጥናት ሐዋሳ ላይ እናቱን ሲያገኛት ደመወዝተኛ ናት፣ የሚካፈላት ሰው የለም፣ ከወለሉ በላይ ልትሆን ትችላለች። ልጁ በእሷ ቤት አይቆጠርም። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በንሳ ላይ አያቱን ሲያገኛት ልጁ እዚያ ካደረ ቁመቱ ይለካል። የአመጋገቡ ጥያቄ ግን የሚቀርበው ለእናት፣ ያውም አብሯት ስለሚኖር ልጅ ነው። አያት አትጠየቅም። ከስድስቱ ጉዳዮች ቢያንስ አንዱ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ክፍተት የሚበዛው ደግሞ እናቱ ለሥራ በሄደችበት፣ ማለትም ጉድለቱ ሊኖር በሚችልበት ልጅ ላይ ነው። ፓርኩ ውስጥ በ2014 ዓ.ም የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል ሲቋረጥ ሥራ ያጡ እናቶች ሲመለሱ፣ ለልጆቹ መልካም ሆነ ወይስ ክፉ? ብር ቀረ፣ እናት መጣች። ባሉን ሁለት መለኪያዎች ይህን መመለስ አይቻልም።

ሌላ አገር ሄደን ብናይ፣ ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የማኅበራዊ ልማት ሕግ ድህነት በየሁለት ዓመቱ ለእያንዳንዱ ክልል፣ በየአምስት ዓመቱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት እንዲለካ አስገደደች። ገቢና የመሠረታዊ አገልግሎት እጦት አንድ ላይ ተቆራኝተው ይሰላሉ። ሕጉ ስላለ የጥናቱ ናሙና ለክልል እስኪበቃ ይሰፋል፤ በጀቱም አብሮ ይመጣል። እኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ በጀቱ የፈቀደው ናሙና ይወሰድና ከዚያ ምን ማለት እንደሚቻል ይታሰባል። ግብ ግን አላጣንም፤ በ2007 ዓ.ም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ሲገባ በ2022 ዓ.ም ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን ዜሮ ማድረግ ተባለ። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የቀነጨሩት በ2008 ዓ.ም 38፣ በ2011 ዓ.ም 37 በመቶ ነበሩ። በሦስት ዓመት አንድ የመቶኛ ነጥብ፤ ያውም ከመለኪያ ስህተት የማይለይ።

ሲዳማ ክልል ትልቅ ጥናት እስኪመጣለት ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለበትም ባይ ነኝ። በየጤና ኬላው የሕፃናት ክብደት በየወሩ ይመዘገባል፤ ደካማ ጎኑ የሚመጡትን እንጂ የማይመጡትን አለማሳየቱ ነው። ዕድሜ ግን በትንሽ ወጪ የሚስተካከል ነገር ነው። በጤና ተቋም መውለድ በአገሪቱ በ2008 ዓ.ም ከነበረበት 26 በመቶ በ2011 ዓ.ም ወደ 48 አድጓል። በሐዋሳ በአዳሬ ሆስፒታልም ሆነ በሪፈራሉ የሚወለድ ልጅ ቀኑና ሰዓቱ በማዋለጃ ክፍሉ መዝገብ ላይ ይጻፋል። በ2004 ዓ.ም የወጣው የወሳኝ ኩነት አዋጅ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፤ ምዝገባው በመላ አገሪቱ ከተጀመረም ከ2008 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ ነው። የቀረው ከማዋለጃ ክፍሉ መዝገብ እስከ ቀበሌው መዝገብ ያለው መንገድ ነው፤ እሱን ዛሬ የምትሄደው አራስዋ እናት ናት፣ ሕፃኗን አዝላ፣ ወረፋ ይዛ፣ “ኔትወርክ የለም፣ ነገ ተመለሺ” እየተባለች።